በጎበጠ አንገት የተለካ መነጽር

መሰርሰሪያው ተንሸራቶ የማኖንግ ዶሮይን ከንፈር ቆረጠው።

ዶሮይ ጂፕኒ የሚሉት የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ሹፌር ነው። የጥርስ ሐኪሟ የዶክተር ፔርላ ጉምባን ወንበር ላይ አፉን ከፍቶ ተጋድሞ ነበር። ደሙ ሲቆም በጥጥ በታፈነ አፍ፣ "ጥርሱን ነው እኮ ያልኩሽ" አለ። "ከንፈሬን ሚስቴ ትፈልገዋለች።"

ፔርላ አልሳቀችም። የቀኝ እጇን ጣቶች እያየች ነበር። መሰርሰሪያው ሲያመልጣት አልተሰማትም። የተጀመረውን ጥርስ በጊዜያዊ ሙሌት ደፍና በሌላ ቀን እንዲመለስ ነገረችው።

ረዳቷ ማናንግ ሉዲንግ ሹፌሩን እስከ ደረጃው ሸኝታ ተመለሰች። ክሊኒኩ ከተከፈተ ጀምሮ አብራት ያለች፣ በዕድሜ የምትበልጣት ሴት ናት፤ ታላቅ ሴት ማናንግ፣ ታላቅ ወንድ ማኖንግ ይባላል።

"ደግሞ ደነዘዘ?"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ትላለች! ባለፈው መስታወቱን ጣልሽ። ዛሬ ከንፈር። ነገ ምላስ ቆርጠሽ ታች ለሾርባ ቤቱ ልትሸጪ ነው?"

"ማናንግ፣ ይተዉኝ።"

"ስተውሽ ነው እንደ ሽሪምፕ ተቆልምመሽ የቀረሽው።"

ክሊኒኩ ላፓዝ ገበያ አጠገብ፣ ከባቾይ ሾርባ ቤት በላይ ነው። የአጥንት መረቅ ሽታ ቀኑን ሙሉ በመስኮት ይገባል። ፔርላ ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቷን ያቆመችው በዚህች ክፍልና በዚያ እጅ ነው። ሌላ ሥራ አታውቅም።

ሥራውን ስትጀምርም ጎንበስ ትል ነበር፤ ሁሉም የጥርስ ሐኪም ይጎነብሳል። አርባ ዓመት ሲያልፋት ቅርብ ማየት አቃታት፤ ማጉያ መነጽር አዘዘች። ሊለካ የመጣው ሰውዬ ሜትሩን ይዞ፣ "ሲሠሩ እንደሚሆኑት ይሁኑ" አላት። እውነቱን አሳየችው። አንገቷን እንደ ልማዷ ደፍታ፣ ታማሚው አፍ ላይ አጎነበሰች። ሰውዬው ከዓይኗ እስከ ታማሚው አፍ ለክቶ ሄደ። ሁለቱ ትንንሽ ማጉያዎች ለዚያ ርቀት ተሠርተው፣ በዚያው አቅጣጫ መነጽሩ ላይ ተጣብቀው መጡ። አይዞሩም፣ አይነቀሉም።

በመጀመሪያው ቀን የአንዲት መነኩሲት የመንጋጋ ጥርስ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አየች። "ማናንግ፣ ይምጡ ይዩ!" ብላ ጮኸች። መነኩሲቷ ደንግጣ ልትነሳ ነበር።

ነገሩ የገባት ቆይቶ ነው። አንገቷን ቀና ካደረገች የታማሚው አፍ ጉም ይሆናል። ጥርት ብሎ የሚታየው ከጎነበሰች ብቻ ነው። ወንበሩን ከፍ ብታደርገው ክንዶቿ ተንጠልጥለው ትከሻዋ ይቃጠላል። መነጽሩን ብታወልቀው ጭራሽ አታይም። ስለዚህ ጎነበሰች። በየቀኑ፣ ለዓመታት። ሌሊት የሚቀሰቅሳትን ሕመም በኪኒን አስተኛችው። ከዚያ ጣቶቿ መደንዘዝ ጀመሩ።

የሆስፒታሉ ሐኪም የአንገቷን ፎቶ አሳያት። በአንገቷ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ወጥቶ ወደ እጇ የሚወርደውን ነርቭ ተጭኖታል። "ቀዶ ሕክምና ይቻላል፤ ስሜቱ ለመመለሱ ግን ቃል አልገባም። ሥራውን ያቁሙ" አላት።

አንድ ነገር ቀርቷት ነበር። ባኮሎድ ከተማ ያለች፣ የጥርስ ሕክምና አብራት የተማረች ጓደኛዋ አዲስ ዓይነት መነጽር ታደርጋለች፤ ውስጡ ያለው ፕሪዝም ብርሃኑን ስለሚያጥፈው ጭንቅላት ሳይደፋ ወደ ታች ያሳያል። የዶሮይ ከንፈር በተቆረጠ ማግስት ፔርላ ለሻጩ ደወለች።

ጁማር የሚባል ወጣት ሊለካት ከሻጩ ተልኮ በዝናብ ውስጥ መጣ። ሉዲንግ ለልኬቱ እንደ ታማሚ ወንበሩ ላይ ተጋድማ አፏን ከፈተች።

"ጥርሴን እንዳትቆጥር" አለችው። "አብዛኛው ሰው ሠራሽ ነው።"

ጁማር ሳቀ። "ዶክ፣ ይሄኛው የሚለካው ቀጥ ተብሎ ነው። ጭንቅላት ቀና፣ ትከሻ ወረድ።"

ፔርላ ተቀመጠች። ትከሻዋን ጣለች። ጁማር ሜትሩን ዘርግቶ ጠበቀ።

"እሺ ዶክ፣ ቀና ይበሉ።"

"ብያለሁ።"

ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ሉዲንግ ከሥር ቀና ብላ ስታያት አፏን ዘጋች።

"ይፍቀዱልኝ" አለና በሁለት ጣት አገጯን ከፍ አደረገው። ቀኝ ክንዷ ኤሌክትሪክ እንደያዘው ዘለለ። ጥርሷን ነክሳ አቃሰተች። ልጁ እጁን ሰበሰበ።

"እንደዚሁ ለካው" አለች ፔርላ።

"ዶክ፣ እንደዚህ ሆነው ከለካሁት ከድሮው በምን ይሻላል? አንገትዎ እንደተደፋ ነው።"

"ለካው አልኩህ!"

ጁማር ሉዲንግን አየ። ሉዲንግ ከወንበሩ ወርዳ ሜትሩን ከእጁ ወሰደችና ጠቅልላ ኪሱ ከተተችለት።

ከታች ጡሩምባ ተሰማ። ዶሮይ ጂፕኒውን መንገድ ላይ አቁሞ ወደ መስኮቱ ይጮሃል።

"ዶክ! ዛሬ ልምጣ? ይቺን ጥርስ ጨርሺልኝ እንጂ!"

ፔርላ ወደ መስኮቱ ሄደች። መሬት ለማየት አንገቷን መድፋት አላስፈለጋትም።

"ማኖንግ፣ ሌላ ሐኪም ይፈልጉ።"

"ኧረ ተይ! ከንፈሬን ይቅር ብዬሻለሁ እኮ!"

ተሳፋሪዎቹ ሳቁ። ፔርላ በግራ እጇ መስኮቱን ዘጋችው።