ኪሎ ሜትር የተሳሳተበት መንገድ

ሾፌሩን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «ኪሎ ሜትር» ነው የሚለው። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዳ ነው የኖረው። የትኛው ከተማ ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ ሲጠይቁት መልሱ አፉ ላይ ነው። ጉራውም የዚያኑ ያህል ነው።

እናቱ ባሕር ማዶ ወዳለችው ሴት ልጇ ልትሄድ ስትል አንድ ነገር አስጨነቃት። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ ለሽንት ብላ ሰው አስነስታ ማለፍ ደግሞ ያሳፍራታል።

«ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው ልጄ?» አለችው።

ቲኬቱን አየት አደረገ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተነስቶ አምስት ሰዓት ይደርሳል።

«ሦስት ሰዓት ነው እማዬ። ቁጭ ብድግ ሳትዪ ትደርሻለሽ።»

«ተመስገን! እንግዲያ ውሃም አልቀምስ» አለች።

ሸኝቷት ወደ ጋራዥ ሄደ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ስልክ የለም። ደሙ ፈላና እህቱ ጋ ደወለ።

«እናቴን የት ጣልሻት? ሰው እናቱን ይረሳል?»

«ጋሼ ምን ነካህ? እዚህ እኮ ሌሊት ነው!» አለች፣ ከእንቅልፏ እየተነሳች። «ገና አየር ላይ ናት። መንገዱ አሥራ አንድ ሰዓት ይፈጃል። መነሻው በእናንተ ሰዓት፣ መድረሻው በእኛ ሰዓት ነው የተጻፈው።»

ኪሎ ሜትር ክው አለ። በእሱ መንገድ ሰዓት የትም አንድ ነው።

«እማማ ገቡ?» አለው መካኒኩ፣ ከአውቶቡሱ ሥር ብቅ ብሎ።

«ገብታለች።»

«አንተ እኮ ሰዓት አትስትም!»

የሚገባበት ቀዳዳ ጠፋው። እናቱ እዚያ ላይ ጉልበቷን ገጥማ፣ አፏ ደርቆ፣ አሁን ደረስኩ አሁን ደረስኩ ስትል ታየችው። ደውሎ አይነግራት ነገር። ሽንቱ ሲመጣ እንኳ መሄድ አፈረ።

ማታ እህቱ ደወለች። «በተሽከርካሪ ወንበር ነው ያወጧት! እግሯ አብጧል፣ ራሷን ስታ ነበር። ምን ብለህ ነው የላክሃት?»

«ተይው እባክሽ! እሱማ ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ የረሳሁት» አለች እናቱ ከጀርባ። ስልኩን ተቀበለቻትና ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ አስተናጋጇ ውሃ ይዛ መጥታ ገና ብዙ ይቀራል ብላኝ ነበር። ልጄ ሾፌር ነው፣ ከአንቺ እሱ ያውቃል ብዬ መለስኳት።»



«ሳላውቅ ነው የነገርኩሽ እማዬ።»

«ይሁን። ለእህትህ ግን እንዳትነግራት፤ ትስቅብሃለች።»

«እሺ» አላት። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ከሁሉ የበለጠ ያሳፈረችው ይቺ «እሺ» ናት።