በጤዛ ላይ ያነበብኩት

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩትም። የመጀመሪያ ሰሚዎቼ እናንተ ናችሁ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ወስጄ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ስጠብቅ፣ ሱሉልታ ጎረቤታችን ከሆኑት ከኦቦ ደበላ ዘንድ ከመሬት በታች ያለ ውሃ መፈለግ መማር ጀመርኩ። ኦቦ ደበላ ድሮ ግንበኛ ነበሩ። መሣሪያቸው ሁለት የተቆለመሙ የብየዳ ሽቦዎችና ከግንበኝነት የተረፋቸው ቱምቢ፣ የግድግዳ ቀጥታ የሚለካበት በክር የታሰረ ብረት፣ ነው። ሽቦዎቹን በሁለት እጅ ለቀቅ አድርጎ ይዞ በዝግታ መራመድ ነው፤ ውሃ ካለበት ሲደረስ ይጠላለፋሉ ይላሉ። ከዚያ ቱምቢው በክሩ ተንጠልጥሎ ከዞረ ቦታው ተገኘ ማለት ነው።

ሦስት ሳምንት ተመላለስኩ። ሽቦዎቹ በእኔ እጅ አንድም ቀን በራሳቸው አልተጠላለፉም። የሚጠላለፉት የእጄን አንጓ ሳዘነብል ብቻ ነበር። ይህን እያወቅኩ ደበቅኩ። ለምን? ኦቦ ደበላ “ጎበዝ” ሲሉኝ ደስ ስለሚለኝ ነው። የተሻለ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

በጥቅምት እትዬ ጫልቱ የሚባሉ ጉልበታቸውን የሚያማቸው የሠፈራችን ሴት፣ ውሃ ከሩቅ ምንጭ መቅዳት ስለከበዳቸው፣ የጉድጓድ ቦታ እንዲያሳዩአቸው ኦቦ ደበላን ለመኗቸው። ኦቦ ደበላ አንድ ደንብ አላቸው፤ “አንድ እጅ ይሳሳታል። ሁለት እጅ ሳይስማማ አካፋ አይነሳም።” መጀመሪያ እሳቸው ብቻቸውን ግቢውን ይዞራሉ፤ ምልክት አይተዉም። ቀጥሎ ሲዞሩ ያላያቸው ሰው ይገባል። ሁለቱ ያገኙት ቦታ ካልገጠመ ሌላ ቀን እንደገና ይጀመራል። የዚያን ቀን ሁለተኛዋ እጅ እኔ ነበርኩ።

ከአጥር ውጭ ጠብቄ ገባሁ። ሣሩ ጤዛ አዝሏል፤ የኦቦ ደበላ ቦቲ ጫማ ያለፈበት ሁሉ ጠቆር ብሎ ይታያል። ዱካቸው ሁለት ቦታ ላይ ቆሟል። ከታች በረቱ አጠገብ ጥቂት፣ ከላይ ባሕር ዛፉ ሥር ግን ሣሩ እስኪተኛ ድረስ። ብዙ የረገጡት እርግጠኛ የሆኑበት ነው ብዬ አሰብኩ። ምንም እንዳላየ ሰው ዓይኔን ሽቦዎቹ ላይ ተክዬ ሄድኩ፤ ባሕር ዛፉ ሥር ስደርስ አንጓዬን አዘነበልኩ። ያዘነበልኩት እኔ ነኝ።

ኦቦ ደበላ በረዥሙ ተነፈሱ። “እዚህ ጋ ተጠራጥሬ ስመላለስ ነበር፤ ልቤ ወደ ታችኛው አድልቶ ነበር” አሉኝ። “አንቺ ገላገልሽኝ፣ ልጄ።”

ያኔ መናገር እችል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃኝ ነበር። እትዬ ጫልቱ ግንባሬን ስመው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ታሪኩ የሚባለው ቆፋሪ ከወላይታ የመጣ ቀልደኛ ሰው ነው። አሥራ አንድ ሜትር ወርዶ ከደረቅ አለት በቀር አላገኘም። “እትዬ፣ ከዚህ በላይ ከወረድኩ ሰይጣን የቤት ኪራይ ይጠይቀኛል” አለ ከታች ሆኖ። ማንም አልሳቀም። እትዬ ጫልቱ በሰው ፊት፣ እጅዎ አርጅቷል፣ አሏቸው ኦቦ ደበላን። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር።

“አዎ፣ ስህተቱ የእኔ ነው” አሉ። “እሷን አትንኩብኝ፤ ገና ተማሪ ናት።”

ከዚያ ወዲህ ሽቦዎቹን አልነኩም፤ ሰውም አይጠራቸውም። እኔ ግን ምደባዬ ወጥቶ ሄድኩ። አሁን የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አንድ መምህራችን ሽቦውን የሚያንቀሳቅሰው የያዘው ሰው እጅ ነው፣ ውሃው አይደለም ብለው ሲያስረዱ ለጥቂት ቀናት ቀለለኝ። ነገሩ ሁሉ ከንቱ ከሆነ የእኔ ውሸት ምን ይጎዳል? ይህም ማምለጫ ነው። ሽቦው ይሥራ አይሥራ አላውቅም። ኦቦ ደበላ የጠየቁኝ የራሴን እጅ ነበር፤ እኔ የመለስኩላቸው የራሳቸውን ጥርጣሬ ነው።

ለእረፍት ስመጣ እናቴ ወሬ ነገረችኝ። እትዬ ጫልቱ ቆፋሪውን ታሪኩን እንደገና ሊያስጠሩት ፈልገዋል፤ ኦቦ ደበላ ግን በራሴ እጅ አላምንም ብለው ቦታ ለማሳየት እንቢ ብለዋል። በረቱ አጠገብ ያለው ቦታ እስከ ዛሬ አልተነካም። መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ተስፋ ተሰማኝ፤ ጊዜው ያላለፈበት እውነት በእጄ አለና።

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። ኦቦ ደበላ ያፈሩት እትዬ ጫልቱ ፊት ስለሆነ የምናገረውም እዚያው ነው። ልጅ ነበርኩ አልልም፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ ነበር። ለሁለተኛ እጅ የሚታመን ሰው ይፈልጉ፤ እኔ ታሪኩ የሚቆፍረውን አፈር በገመድ እየሳብኩ አወጣለሁ። ውሃ ቢወጣ በደሌ አይታጠብልኝም። ባይወጣም የምለው አይለወጥም፤

ኦቦ ደበላ፣ እጅዎ አላረጀም። የዋሸው የእኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።