በባዶ ቤቶች የሚበራ መብራት

አውቶቡስ ውስጥ ከአንዲት የማላውቃት ሴት አጠገብ የተቀመጠው ሽማግሌ የእንቁላል ቅርጫቱን እንዳቀፈ እንቅልፍ ጣለው። ሴትየዋ ኮምፒውተሯን ዘጋችና ቅርጫቱን ቀስ ብላ ከጭኑ አነሳች። መንገዱ እስከ መንደራችን ድረስ አውቶቡሱን ሲያንገጫግጨው፣ እሷ እንቁላሎቹን እንዳቀፈች መጣች። እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ አይቼ ደስ አለኝ።

ከመሸ በኋላ በሬን ያንኳኳችው እሷው ነበረች። ዶምኒካ ትባላለች። እናቷ እንጆሪ ለመልቀም ስፔን ስትሄድ አክስቷ ዘንድ ነው ያደገችው። አሁን የአውራጃችንን የቡኮቪናን መንደሮች ዕቅድ በሚያወጣ የልማት ቢሮ ትሠራለች። የት ምን ይሠራ የሚለውን የሚወስኑት ኢንተርኔት ላይ ባለ ካርታ ነው፤ የተመዘገበውን ነዋሪ ቁጥር፣ ሥራውን፣ ሌሊት ከሰማይ የሚታየውን መብራት ሳይቀር ያሳያል።

ስሜን ነገርኳትና ወንበር ሰጠኋት፤ አልተቀመጠችም። ከመስኮት ወደ መስኮት ትመላለሳለች።

«እትዬ ሳፍታ፣ ቤቱ ሁሉ መብራት በርቶበት የሚከፍት ጠፋ። ምን አድርጌያችሁ ነው?»

«ማን ይክፈትልሽ ልጄ? ባለቤቶቹ ለሥራ ጣሊያን አገር ናቸው። ሌባ እንዳይደፍረው መብራቱን የማበራው እኔ ነኝ። ቁልፉ ሁሉ እኔ ዘንድ ነው።»

ቆም አለች። «ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ጉልበቴን የጨረሰው ሌላ ምን ይመስልሻል?»

ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ ፊቷ ጠቆረ። «አለቃዬ ካርታው ላይ የሌሊቱን መብራት አይቶ ‹ይህ መንደር በልጽጓል፣ እዚያ ሊሠራ የታሰበው የፖም ማድረቂያ ፋብሪካ ሌላ ቦታ ይሠራ› ብሏል። ለካ መንደሩን ያበለጸጉት እርስዎ ነዎት።»

ልጄ ጋቭሪል ከሚሠራባት ከጣሊያኗ ቱሪን እመለሳለሁ ያለኝ ያ ማድረቂያ ከተከፈተ ነው። ፖሙ በየዓመቱ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል፤ እኔ ደግሞ በየማታው እየዞርኩ ለካ መመለሻውን ስዘጋበት ኖሬያለሁ። ቢሆንም ይህችን ሴት ጊዜው ሳያልፍ የላከልኝን አምላክ በልቤ አመሰገንኩት።

«ታዲያ ንገሪያቸዋ።»

«እኔ ብናገር ‹ከቁጥር ጋር አትሟገቺ› ነው የሚሉኝ። ውሳኔው ሐሙስ ነው።» ካፖርቷን ለበሰች፤ መልሳ አወለቀችው። «ቤቶቹ ባዶ መሆናቸው በይፋ ከተነገረ ደግሞ ሌባውም ይሰማል። የሰው አደራ ነው፣ ይገባኛል። እትዬ ሳፍታ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት፤ ለባለቤቶቹ ደውለው ያስፈቅዱልኝ። እነሱ ከፈቀዱ እርስዎ ሐሙስ አብረውኝ ቢሮ ይምጡና መብራቱን ማን እንደሚያበራ ራስዎ ይንገሩልኝ።»