ደምለው ከዶቅዶቄው ሳይወርድ

የመተማ ሰው ሆይ፣ ነጋሪት ባይጎሰምልህም ጆሮህን አቅና! ሰሊጥ አራሚው ደምለው፣ የአንድ ጎጆና የሁለት ዶሮ ጌታ፣ ከዛሬ እሑድ ጀምሮ አገር ጎብኚ ሆኗል።

ጣሊያን በገባ በሦስተኛው ዓመት ነው። ከጦር ሰፈሩ አንድ ጣሊያን መካኒክ፣ ከጎኗ የሰው መቀመጫ በተለጠፈላት ዶቅዶቄ፣ ዶሮ ላመጣለት ሁሉ እሑድ እሑድ አገር ያሳያል። ደምለውም እንቁላል ጣይዋን ሰጥቶ ተሳፈረ። መካኒኩ እጁን ዘርግቶ፣ «ይሄ ወንዝ!» አለው። ደምለው ትናንት እግሩን የታጠበበትን ወንዝ አይቶ፣ «አቤት ያገር ስፋት!» ብሎ ተደነቀ። «ያ ማዶ፣ እንግሊዝ!» ሲለው ደግሞ፣ ጨው ሊገዛ ስንቴ የተሻገረበትን፣ እንግሊዝ የሚገዛውን የሱዳን ገላባት አንገቱን አስግጎ ተመለከተ።

ከመታጠፊያው ላይ ቃሬዛ ብቅ አለ። ከፊት የተሸከመው የእትዬ አየሁሽ ልጅ ያረጋል፣ «እናቴ አየሁሽ!» እያለ ያለቅሳል። ደምለው ክው አለ። ከጎጃም እንደ ወረደ ወባ ሲጥለው፣ አርባ ቀን አጥሚት እያጠጡ ያስነሡት እትዬ አየሁሽ ናቸው። ጠዋት መሞታቸው ሲለፈፍ እሱ ዶሮዋን ሲያባርር ነበርና አልሰማም።

ሬሳ ሲያልፍ ባለ በቅሎ ወርዶ ጥቂት እርምጃ ይሸኛል። ይህን ቆላም ደጋም ያውቀዋል።

መካኒኩ ዶቅዶቄዋን ቀዝቀዝ አድርጎ፣ «ላቁም?» አለ።

ደምለው ከጣሊያን ጎን ተጎልቶ መታየቱን ፈራ። ኩታውን ፊቱ ላይ ሳበና፣ «ሂድ፣ ሂድ» አለ።

ተሸካሚዎቹ ሹም የመጣ መስሏቸው ቃሬዛውን ይዘው እሾህ ውስጥ ገቡ። እትዬ አየሁሽ ሞተው እንኳ ለደምለው መንገድ ለቀቁ፤ አቧራውንም ጠጡለት። ያረጋል ግን ኩታው ላይ ያለውን መጣፊያ አወቀ። እናቱ የጣፉት ነው።

በሠልስቱ ደምለው አንገቱን ደፍቶ መጣ። ያረጋል ከዳሱ ብድግ ብሎ እጅ ነሣ።

«ይግቡ ጌታው! ቆመው አይድከሙ።»

«ኧረ ያረጋል፣ እኔ እኮ ነኝ፤ ደምለው።»

«ምን ሲባል! ደምለውማ ቢሆኑ ወርደው ይሸኟት ነበር።»

ደምለው ደጃፉ ላይ ቀረ፤ አይገባ፣ አይመለስ፣ እንዳያለቅስ አፍሮ፣ እንዳይሄድ ውለታው እግሩን ይዞት።

አንተ አንባቢ፣ ጥርስህን ከደን አድርግ። ሰው አላየኝም ብለህ ፊትህን ሸፍነህ ያለፍከው ቃሬዛ ከሌለህ፣ እስቲ ቅደምና ክንዱን ይዘህ ከደጃፉ አባረው።