የታጠበው ቅል

ይህ የደረሰብኝ በኢሕአዴግ ዘመን፣ ሶዶ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ነው። ዓመታት አልፈዋል፤ ግን በሕይወቴ ሌባ ተብዬ ገበያ መሃል የቆምኩት ያን ቀን ብቻ ስለሆነ አልረሳውም።

ትምህርት ቤታችን ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የድሮ የቤት ዕቃ ሊያሳይ አሰበ። ዕቃ የመለመኑ ጣጣ እኔ ላይ ወደቀ። ከሶዶ ወጣ ብላ ባለችው ሻንቶ ቤት ለቤት ስዞር ሰው ሁሉ በጎን ያየኝ ጀመር። "ለፈረንጅ ሊሸጥ ነው" የሚለው ወሬ ከእኔ ቀድሞ ይደርስ ነበር።

እማማ ቦጋለች የሚባሉ ባልቴት ብቻ አንድ አሮጌ የወተት መናጫ ቅል አዋሱኝ። እሱንም አስምለውኝ ነው።

"አስተማሪ፣ መልክህ ጥሩ ነው። ሆድህን ግን ማን አየ?"

"እማማ፣ እኔው ራሴ አመጣዋለሁ።"

"እንዳለች አምጣት!"

ትርኢቱ አለቀና ቅሉን ይዤ በገበያ ቀን ሻንቶ ወረድኩ። እማማ ጎደሬ ዘርግተው ይሸጣሉ። ቅሉን ተቀብለው ክዳኑን ከፈቱ፤ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱ። ፊታቸው ባንዴ ተለወጠ።

"ይቺ የኔ አይደለችም! የኔን ሸጦ ሌላ አመጣ!"

ገበያው ከበበኝ። አንዱ ጎረምሳ ኮሌታዬን ጨመደደኝ። እኔም በተራዬ መጠርጠር ጀመርኩ፤ የትምህርት ቤቱ ዕቃ ክፍል ቁልፍ ያለው አንድ ባልደረባዬ ጋ ነው። ለውጦት ይሆን?

"ቦጋለች፣ እስቲ ስፌቷን እይ" አሉ አንድ ጎረቤታቸው።

ቅሉ ተሰንጥቆ በጅማት ተሰፍቷል። እማማ ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ደግመውም ዳሰሱት።

"የምሕረት እጅ ነው" አሉ ቀስ ብለው።

ኮሌታዬ ተለቀቀ። እኔም ቅሉን አሸተትኩት፤ የዱቄት ሳሙና ይሸታል። ባልደረባዬ ለእንግዳ እንዲያምር ብሎ አጥቦት ኖሯል!

ጎረምሳው ይቅርታ ጠየቀኝ፣ ሌሎቹም ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እማማ ግን ቅሉን እንዳቀፉ መሬት ላይ ተቀመጡ። ምሕረት የሞተች ልጃቸው ናት። ቅሉን የሰፋችውም፣ የምታጥነውም፣ የምትንጥበትም እሷ ነበረች። እሷ ካለፈች ወዲህ ወተት ገብቶበት አያውቅም።

"ስትናፍቀኝ ከፍቼ አሸታት ነበር" አሉኝ።

ስሜ ነጻ ወጣ፣ ሰዉም ወደ ገበያው ተበተነ። እኔን ግን ዛሬም ድረስ ይከነክነኛል። ቅላቸውን መልሻለሁ፤ ልጃቸውን ግን ለሁለተኛ ጊዜ ቀበርንባቸው።