የገለባ ጥጃ

በጃንሆይ ዘመን ወረታ ገበያ ዳር፣ በረንዳ ላይ ልብስ እሰፋ ነበር። ከእጄ የተረፈችውን ገንዘብ ምን ላድርጋት ብዬ ስብሰለሰል ሰንብቼ፣ ሰው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ አንዲት የፎገራ ላም ገዝቼ ሜዳው ላይ ለሚኖሩ ሽማግሌ ገበሬ ለርቢ ሰጠሁ። ወተቱ ለእሳቸው፣ የምትወልደው ለሁለታችን እኩል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ላሚቱ ሣር ትግጣለች፣ እኔን ሐሳብ ይግጠኛል።

ክረምት ገባና ሜዳውን ውኃ ዋጠው፤ መንገድ ተዘጋ። ውኃው ሲጎድል ሽማግሌው ገበያ መጥተው፣ "ላምህ ወልዳ ነበር፤ ጥጃዋ ግን ሞተችብን" አሉኝ።

"እግዜር ይተካ" አልኋቸው። ያለው አፌ ብቻ ነው።

ጎረቤቴ ባለሱቁ ጨርቅ እየለካ ሰምቶ ኖሯል። "ቆዳውን አመጡልህ?"

"ኧረ አላመጡም።"

"የርቢ ከብት ሲሞት ቆዳው ለባለቤቱ ይመጣል። ቆዳ ከሌለ ሞትም የለ። አንተዬ፣ ጥጃህ እየቦረቀች ነው።"

ከዚያ ወዲያ እጅጌን ከኮሌታ ጋራ እሰፋ ጀመር። በሦስተኛው ቀን መርፌዬን ጥዬ ወደ ሜዳው ወረድሁ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ደርሼ ከበረቱ አጥር ጀርባ አደፈጥሁ። ሽማግሌው ላሚቱን ያልባሉ። ከፊቷ ቡሬ ጥጃ ቆማለች፤ ላሚቱም ትልሳታለች።

"ያችት የሞተችው" ብዬ አጥሩን ዘለልሁና ጥጃዋን አንገቷን ይዤ አነሣኋት። ቀለለችኝ። ሆዷም ተንኮሻኮሸ።

ሽማግሌው ከማለባቸው ሳይነሡ፣ "ቀስ በል ልጄ፣ ገለባዋ ይፈስሳል" አሉ። "ላሚቱ ጥጃዋን ካላየች ወተት አልሰጥም ብትል ቆዳውን ገለባ ሞልቼ ሰፋሁላት። ያላመጣሁልህም ለዚሁ ነው።" ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ። "እሷስ ከብት ናት፣ ትታለል። አንተ ልብስ ሰፊው፣ ይህን የሚያህል ስፌት እንዴት ሳታይ ቀረህ?"

እውነትም ከአንገቷ እስከ እምብርቷ በጠፍር ተሰፍታለች። እንዲያ ያለ ስፌት ለደንበኛ ባስረክብ በዱላ ነበር የምባረረው።

ሽማግሌው እምነት አላጎደሉም። የባሰብኝም ይኸው ነው፤ እሳቸውን ተጠራጥሬ አጥር ከዘለልሁ ማንን አምኜ ልተኛ ነው? ላሚቱን እዚያው ለእሳቸው ሸጥሁና በዋጋዋ ጓሮዬን ባሕር ዛፍ ተከልሁበት። ባሕር ዛፍ አይታለብም፣ አይወልድም፤ ግን በመስኮቴ ይታየኛል። ባለሱቁ፣ "ያች ላም ይኸው ሦስት ወለደች" እያለ ያበሽቀኝ ነበር። ትውለድ።

እኔ እንቅልፌን አገኘሁ። ጠዋት ጠዋት ብቻ ወጣ ብዬ ዛፎቼን እቆጥር ነበር። አንዳንድ ቀን አንድ የጎደለ ይመስለኛል፤ ያን ጊዜ አዲስ እንጨት ገብቶበት እንደሆነ የባለሱቁን ጣራ ማገር ቀና ብዬ አያለሁ።