ቀዩን በቁጥር

ቡና ለቃሚ የሚሰማው ትእዛዝ አንድ ነው፤ ቀዩን ብቻ ልቀም። ቴፒ አጠገብ ባለው የእናቴ ጓሮ ይህንን እየሰማሁ አደግሁ፤ አንድም ቀን ግን በቅጡ ፈጽሜው አላውቅም። እናቴ ቅርጫቴን ስትገለብጠው ጥሬው ከበሰለው ጋር ተደባልቆ ይወጣል። "ዓይን እያለህ። ይሄ ስንፍና ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?" ትለኛለች። እህቶቼ ይስቃሉ።

ሰው ሁሉ ቡናውን እንደኔ የሚያይ፣ ግን ከእኔ ይልቅ የሚጠነቀቅ ይመስለኝ ነበር። ስለዚህ በጣቴ እየጨመቅሁ መልቀም ጀመርኩ፤ የበሰለው ለስለስ ይላል። እጄ ዘገየ። ሰነፍ መባሌም ባሰ፤ እስከ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አሁን ሚዛን ከተማ ውስጥ ባነርና የሠርግ ጥሪ ካርድ እሠራለሁ። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው በቀለም እንጀራውን ይበላል ሲባል የሚስቅ ይሳቅ፤ እኔም ስቄበታለሁ።

ነገሩ የገባኝ በቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ነው። መምህራችን የቲማቲም ተክል ፎቶ ከፍቶ ፍሬው ላይ ጠቅ ሲያደርግ ሦስት ቁጥሮች ወጡ፤ አንዱ የቀይ፣ አንዱ የአረንጓዴ፣ አንዱ የሰማያዊ። ስክሪኑ ላይ ያለች እያንዳንዷ ነጥብ እነዚህ ሦስት ቁጥሮች አሏት አለን። ትንሹ ዜሮ፣ ትልቁ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ የነጥቦቹን ሁሉ ቁጥር በራሱ ሜሞሪ ይይዛል፤ ከዚያ ረድፍ በረድፍ እያነበበ፣ ዓይን ሊከተለው በማይችል ፍጥነት፣ ደጋግሞ ለስክሪኑ ይልካል። ስክሪኑም በታዘዘው ልክ ሦስቱን ብርሃኖች ያደምቃል ወይም ያደበዝዛል። ሦስቱም ሲሞሉ ነጭ፣ ሦስቱም ሲጠፉ ጥቁር።

ቀጥሎ ቅጠሉን ነካ። ለእኔ ፍሬውም ቅጠሉም ያው አንድ ዓይነት ቡናማ ነበሩ። ቁጥሮቹ ግን የማይተዋወቁ ሰዎች ይመስል ተራርቀዋል። ዓይኔ እንጂ እኔ እንዳልሰነፍኩ ያን ጊዜ አወቅሁ፤ ደስታም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝ። ያላዩት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ እኔ ግን ቀይን ሳላየው ናፈቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ለግራፊክስ ካርዱ ያለኝ አክብሮት ወሰን የለውም። አቧራና ሙቀት ችሎ ይሠራል፤ የያዘውን ቁጥር አያምታታም። ከሁሉም በላይ ደግሞ አይቆጣም። አንዱን ቀለም አሥር ጊዜ ብጠይቀው አሥር ጊዜ ይነግረኛል።

ባለፈው እናቴ ለገበያ መጥታ ሱቄ ገባች። አንዱን ባነር አይታ "ቀለሙን የመረጠልህ ማነው?" አለችኝ። "ራሴ ነኝ" አልኳት። አላመነችም። ከጓሮዋ በስልኬ አንስቼው የነበረውን የቡና ቅርንጫፍ ከፈትኩላት። የቀዩንና የአረንጓዴውን ቁጥር ደምሬ ለሁለት ከፈልኩና ውጤቱን ለሁለቱም እኩል ሰጠኋቸው። ኮምፒውተሩ ይህን ለነጥቦቹ ሁሉ በቅጽበት ሠራው።

እኔ ስክሪኑ ላይ የተለወጠ ነገር አላየሁም። መለወጡን ያወቅሁት ከእናቴ ፊት ነው።

"ፍሬው የት ሄደ?"

"እዚያው ነው፣ እማዬ። እኔ የማየው እንዲህ ነው።"

ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። "ከልጅነትህ ጀምሮ?"

"ከልጅነቴ ጀምሮ።"

"እና እንዴት ትለቅም ነበር?"

"በጣቴ እየጨመቅሁ።"

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። "በል መልሰው፤ አስጨነቀኝ" አለች።

ቁጥሮቹን ወደ ቦታቸው መለስኩ። ለእኔ አሁንም ያው ነው። "ተመለሰ?" ብዬ ጠየቅኋት።

"ተመልሷል" አለች። ከዚያ ጣቴን ያዘችና ስክሪኑ ላይ አስቀመጠችው። "ይሄ ቀይ ነው። ይሄ ገና ነው። ይሄም ቀይ ነው" እያለች፣ ሳትቆጣ፣ ቅርንጫፉን እስከ ጫፉ ድረስ አስለቀመችኝ።